ያልተባለ አሜን

የሰኔ ሰማይ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ውሏል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ባለው የልጆች ፕሮጀክት ግቢ ግን ሰማዩን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ በዚያ የቤተክርስቲያን ግቢ የመዝሙር፣ የቅንጬና የጩኸት ቀን ነው። ከፉሪ በእግሩ የመጣው፣ ከሀና ማርያም እናቱ አዝላ ያደረሰችው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ በደረጃ እየዘለለ የወረደው ሁሉ በአንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ አዳራሹን እንደ ንብ ቀፎ ያስጮኸዋል።

ቴዎ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ዓይኑ ልጆቹ ላይ ነው ቢባል ውሸት ነው።

ቃለሕይወት አዳራሹ ጥግ ተንበርክካ የአንዲት ሕፃን የጫማ ክር ታስራለች። ቀና ብትል ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። ቀና እንደማትል ግን ያውቃል፤ ከጥር ወዲህ ወደሱ ቀና ብላ አታውቅም። ነገ ደግሞ እሁድ ነው። ነገ ጉባኤው ፊት ስሟ ከወንጌላዊ ኦሊያድ ስም ጋር አብሮ ይጠራል፤ «ተቃውሞ ያለው ለሽማግሌዎች ያሳውቅ» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ቃለሕይወት የሰው እጮኛ ነች፤ ከዚያ በኋላ መንገዷ እሱ ወደሚያገለግልበት ወደ ሐዋሳ ነው።

ቴዎ ይህን ሲያስብ ያደገበት አዳራሽ ግድግዳው በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ የገባ መሰለው።

ለዚህ ግቢ እንግዳ አይደለም። አባቱ የሞተ ጊዜ እናቱ አፀደ እጁን ይዛ ወደዚህ በር ስታመጣው ገና የወተት ጥርሱ አልተነቀለም ነበር። ጎረቤቱ «አፀደ ልጇን ለጴንጤ በቅንጬ ሸጠችው» ሲላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቁጢጥ ብላ ዓይኖቹን አየቻቸው።

«ስማኝ ልጄ። ምግባቸውን ብላ፣ ትምህርታቸውን ተማር፣ ያስተማረህን አክብር። አሜን ግን አትበል። ‹አሜን› ካልክ ሄድክ ማለት ነው።»

ማተቡን አስይዛ አስማለችው። ቴዎም መሐላውን ጠበቀ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አሜን» ሲሉ እሱ ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ይቆማል። «ድዳው» የሚል ስም የወጣለት በዚያ ነው። ድዳው ቅንጬውን እየበላ፣ ደብተር እየተሰጠው አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፤ ያሳደገው ፕሮጀክት መልሶ ቀጠረው፤ ልጆችን ያስጠናል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ቤተሰቦቻቸውን ይጎበኛል። እናቱ ግን እስከዛሬ ከዚያ በር ወዲህ እግሯን አስገብታ አታውቅም። በየቅዳሜው የእህቱን ልጅ ሶፊን ልትወስድ ስትመጣ አጥሩ ሥር፣ ውጭ ነው የምትጠብቀው።

ቃለሕይወትን ያገኛት በዚያ የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌ የጋሽ ወጋየሁ ልጅ ነች፤ ቤታቸው ለቡ፣ ቪላ ነው፤ እሷ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ አባቷ የሚመሩትን ፕሮጀክት ልታገለግል የመጣች። ቪላ አድጋ እንኳ ጭቃ አትጠየፍም። የፉሪ ጭቃ ጫማዋን ሲያስቀርባት በአንድ እግሯ ቆማ ትስቅ ነበር፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ያወጣላት ነበር። የታመመች እናት ቤት ገብተው ሲወጡ እሷ ዝም ትላለች፣ እሱም ዝም ይላል፤ ዝምታቸው ግን አብሮ የሚሄድ ዝምታ ነበር። ቴዎ «ቃል» ብሎ ያሳጠራት ያኔ ነው። ማንም ሌላ ሰው እንዲህ አይጠራትም።

አንድ የጥር ቀን ከጉብኝት ሲመለሱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ነበር። እሷ የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየችና ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች፣

«ቴዎ፣ እየጸለይኩብህ ነው» አለችው።

እሱ ባደገበት ሰፈር ለሰው ይጸለያል። በሰው ላይ ሲጸለይ ያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ጎረቤታቸው ጠበል ቦታ ወድቆ እያጓራ፣ አራት ጎረምሳ ይዞት፣ አጥማቂው በመቋሚያ ጀርባውን እየመታ። እኔ ምን ወጣብኝ? ርኩስ መሰልኳት? እስከዛሬ ጫማዋን ከጭቃ ሳወጣ፣ አብሬያት ስስቅ፣ እሷ በልቧ ሰይጣኔን ስትገሥጽ ኖራለች? ጆሮው ጋለ።

«እኔ ለዚህ አሜን አልልም» አላት።

የቦርሳዋ ማንገቻ ጣቷ ላይ እንደተጠቀለለ ቀረ። ረዳቱ «ጀሞ፣ ጀሞ፣ ጀሞ» እያለ ሲመጣ እሷ ገባች፤ እሱ ቀረ። በማግስቱ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ «ወንድም ቴዎ» አለችው። ለሰው ሁሉ የምትሰጠውን ስም ነው የሰጠችው። «ወንድም» የሚለው ቃል እንደዚያን ቀን ባዕድ ሆኖበት አያውቅም።

* * *

ዝናቡ ቅንጬው ተበልቶ ሳያልቅ ወረደ። መጀመሪያ ጠብታው ቆርቆሮውን አንኳኳ፣ ቀጥሎ በረዶ ተቀላቀለበት፣ ቀጥሎ ሰው ከሰው መሰማማት አቃተው። በሩ ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ መንገዱን ዘጋው። ጋሽ ወጋየሁ ከቢሮአቸው ብቅ ብለው «ማንም ልጅ እንዳይወጣ፤ እስኪያባራ እዚሁ» ብለው ተመለሱ። ቴዎ ባዶ ሳህኖቹን ደራርቦ ወደ ኩሽና ሮጠ።

እትዬ ሸጊቱ ለነገው ግብዣ ድንች ትልጣለች። የፕሮጀክቱ ምግብ አብሳይ ነች፤ ልጅ ሆኖ ሳህኑን ደግማ የምትሞላለት እሷ ነበረች።

«አስቀምጥልኝ እዚያ፣ ቴዎዬ። ከመጣህ አይቀር ቢላ አንሳ። ነገ ሙሽራችን በስም ትጠራለች፤ ጋሽ ወጋየሁ ከጉባኤ በኋላ ሰው ሁሉ በልቶ ይሂድ ብለዋል።»

ቢላ አነሳ። ድንቹ ከእጁ ይሾልካል።

«ኦሊያድስ ቢሆን የልፋቱን ነው ያገኘ» አለች ሸጊቱ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጸልይባት!»

ቴዎ ቀና አለ። «ምን በድላው?»

«ኧ?»

«ምን በድላው ነው ሁለት ዓመት የሚጸልይባት?»

ሸጊቱ አየችው። ከዚያ ቢላዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሳቀች፤ በሻሿ ጫፍ እንባዋን እስክትጠርግ ሳቀች።

«ወይ የአፀደ ልጅ። እዚህ ቤት ቅንጬ ስትበላ ጢም አበቀልክ፣ ቋንቋችን ግን ወደ ሆድህ እንጂ ወደ ጆሮህ አልገባም። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ‹ወደድኩሽ› ብሎ እንደ ፍየል አይዘልም። ‹እየጸለይኩብሽ ነው› ይላል። ላገባሽ አስቤ እግዚአብሔርን እየጠየቅኩ ነው ማለቱ ነው። ልጅቷም ከፈለገችው ‹እኔም ልጸልይበት› ትላለች።»

«ካልፈለገችውስ?»

«‹ሰላም የለኝም› ትላለች። በቃ። ሰላም የለኝም ካለች ሽማግሌ አይጠይቃት፣ አባቷ አያስገድዳት። ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።» አንድ ድንች አንስታ ልጣ ጨረሰች። «ምነው ፊትህ?»

«ሴቷ ብትለውስ?»

«ምኑን?»

«እየጸለይኩብህ ነው።»

«ሴት አትልም።»

«ብትልስ እትዬ ሸጊቱ?»

ሸጊቱ አሁን አልሳቀችም። የዝናቡ ድምፅ ኩሽናውን ሞላው።

«ካለችማ እፍረቷን ቀብራ ነው የመጣችው። እንዲህ ያለች ሴት በዕድሜዬ አላየሁም።» ድምፅዋ ወረደ። «ማን አለችህ?»

መመለስ አላስፈለገውም፤ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ አዳራሹ ሄዶ ነበር። ሸጊቱ ዓይኑን ተከትላ አየች፣ የያዘችውን ድንችም ሳትልጠው ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«አንተስ ምን አልካት?»

«አሜን አልልም አልኳት።»

«ወየው ጌታዬ» አለች ሸጊቱ፣ ለራሷ ያህል።

ቴዎ የጥርን ያን ቀን መልሶ ሰማው፤ እያንዳንዱን ቃል፣ አሁን በእሷ ጆሮ። አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ መንገድ አዙራ፣ ጣቷን በቦርሳ ማንገቻ አስራ፣ ማንም ሴት የማትለውን ብላዋለች። እሱ ደግሞ ሰይጣን አለብህ የተባለ መስሎት አሳፍሮ መልሷታል። ለእግዚአብሔርም ለእሷም በአንድ አፍ «አይሆንም» ያለ ሰው ሆኖላት ነው እነዚህን ወራት የኖረው።

* * *

አዳራሹ በአንድ በኩል ያፈስ ጀምሯል። ቃለሕይወት ልጆቹን ወደ ደረቁ አስጠግታ መዝሙር አስጀምራ፣ እሷ ብቻዋን ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ከፍሳሹ ልታሸሽ ትታገላለች። ቴዎ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ።

«እናንሳው።»

«አመሰግናለሁ፣ ወንድም ቴዎ።»

አነሱት። አግዳሚው በመካከላቸው ሆኖ ወደ ግድግዳው ተራመዱ። የልጆቹ መዝሙርና የዝናቡ ጩኸት ከሰው ጆሮ ይከልላቸዋል፤ ከሰው ዓይን ግን የሚከልላቸው የለም።

«ቃል።»

እንዲህ ከተጠራች ብዙ ጊዜዋ ነው። እጇ አግዳሚው ላይ ደረቀ።

«ያን ቀን ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልሽኝ…»

«ተወው። አለፈ።»

«አልገባኝም ነበር።»

«‹አሜን አልልም› የሚለው የገባው ሰው ብቻ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ ልጆቹ አድርጋ፣ ለሚያያት ሰው ስለ መዝሙር የምታወራ መስላ።

«በእኛ ሰፈር የሚጸለይበት ሰው ሰይጣን ያለበት ነው።»

ቀስ ብላ ዞረች። ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን አገኛቸው፤ አገኛቸውና መሸሻ አጣ።

«ምን?»

«ሰይጣን ልታስወጪልኝ የፈለግሽ መስሎኝ ነው። ዛሬ ነው የነገሩኝ። አሁን። ኩሽና ውስጥ።»

ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ መሰለው፤ ሳቅም ነበር። ግን ሳቁ አጋማሽ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት፣ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ሸፈነች።

«እኔ እፍረቴን ለብሼ መጥቼ… አንተ ሰይጣን…» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ ለምን አላስረዳሽኝም?»

«ሴት ልጅ ስንት ጊዜ ነው የምትለው፣ ቴዎ?»

«ወንድም» የሚለው ቃል ከስሙ ፊት ወድቋል፤ ሁለቱም ሰሙት።

ከዚያ መሐላውን ነገራት። የእናቱን ቁጢጥ ማለት፣ ማተቡን፣ ምላሱን ላንቃው ላይ የሚለጥፈውን። ቃለሕይወት ሰምታው ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች።

«ጸሎቴን የምትንቀው ይመስለኝ ነበር። በሩ ላይ ቆመህ፣ ጥርስህን ነክሰህ።»

«ጸሎትሽን ንቄ አላውቅም። ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ልጆቹ ሁለተኛ መዝሙር ጀመሩ። የአግዳሚውን ጫፍ ሁለቱም አለቀቁም፤ ቢለቁ መለያየት ግድ ይሆናል።

«ሰላም የለኝም በያቸው» አላት።

«እልና?»

«ትይና ይቀራል።»

«ይቀርና? አባቴ የሰው ጋብቻ የሚያጸድቅ ሽማግሌ ነው። ልጁ ከማያምን ጋር ስትጠመድ ምን ብሎ ሰው ፊት ይቆማል? እናትህ ደግሞ ይህን በር እንኳ አልፋ አታውቅም፤ እኔን በቤቷ በር ታሳልፈኛለች? አንተ ወደኛ ብትመጣ እሷ ትሞታለች። እኔ ወደናንተ ብመጣ አባቴ። የት ነው የምንቆመው ቴዎ? ንገረኝ፣ ቦታው የት ነው?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ኦሊያድ መልካም ሰው ነው፤ ክፋቱ እሱ ነው፤ የምጠላበት ነገር የለውም።» ድምፅዋ አነሰ። «እምቢ ማለት እችላለሁ። ግን እምቢ ብዬ ብቻዬን አልቆምም። አንድ ጊዜ ብቻዬን ቆሜ አይቼዋለሁ።»

አግዳሚውን ለቀቀችው። ክብደቱ ሁሉ እሱ እጅ ላይ ቀረ።

* * *

በረዶው ቆሞ ዝናቡ ወደ ካፊያ ሲወርድ ጋሽ ወጋየሁ ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡ። ጥግ ላይ ቆመው ለልጃቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፦ ጸልዪና አሰናብቺ፣ ወላጆች በር ላይ ናቸው።

በሩ ላይ እውነትም ሰው ሞልቷል። ውጭ ያለው ጎርፍ ገፍቶ አስገብቷቸው እናቶች ደፉ ላይ ተጠጋግተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ነጠላዋን በፌስታል ሸፍና፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ግድግዳው እንዳይነካት የፈራች መስላ ቆማለች። አፀደ ነች። ያን ሁሉ ዓመት ያልተሻገረችውን በር ውሃ አሻግሯታል።

ቴዎ አላያትም። እሱ የሚያየው ቃለሕይወትን ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አጣምረዋል። እሷም ጨፈነች።

«አባት ሆይ፣ እነዚህን ልጆች በሰላም ወደየቤታቸው አድርስ። መንገዱን የዘጋውን ውሃ አሳልፍልን። እናት አባቶቻቸውን ባርክ።» በየቅዳሜው የምትለው ነው። እዚህ ጋ ታበቃለች። ዛሬ አላበቃችም። «ደግሞ… ሳንግባባ የተናገርነውን ይቅር በለን። እኔ የጸለይኩበትን አንተ ታውቃለህ። አሁንም እንዳልተውኩት ታውቃለህ። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን!» አሉ ልጆቹ፤ ቆርቆሮው አስተጋባ።

ቴዎ ምላሱ ላንቃው ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱ በራሱ ሄዶ ተለጥፎ። መንገጭላው ታመመው። ቃለሕይወት ዓይኗን አልገለጠችም። ልጆቹ ሁሉ ገልጠው ቦርሳቸውን ሲፈልጉ እሷ እንደጨፈነች ቆማለች፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ሳትሆን፣ ከእንግዲህ ምንም እንደማይመጣ ያወቀች መስላ። ያ ነው ያላስቻለው።

«አሜን» አለ።

ድምፁ ሻክሮ ወጣ፤ ኖሮ ኖሮ የተከፈተ የዛገ በር ይመስል።

ሶፊ ከልጆቹ መሃል ዘወር አለች። «ቴዎ አሜን አለ» ብላ አወጀች። «አያቴ፣ ሰማሽ? ድዳው ቴዎ አሜን አለ!»

ልጆቹ ሳቁ። ቴዎ የሶፊን ዓይን ተከትሎ በሩን አየ፤ እናቱን አየ። ጫማዋ ከእጇ ወድቋል።

ጋሽ ወጋየሁ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር። ጃንጥላቸውን ጥለው፣ በልጆቹ መካከል እየተሻገሩ መጥተው ትከሻውን ጨበጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጌታ ይመስገን! ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጸለይንበት ልጅ! ስንት ዓመት የጸለይንበት!»

ያ ቃል በአዳራሹ አልፎ በሩ ጋ ደረሰ። አፀደ ሰማችው፤ እንዴት እንደሰማችው የሚያውቁት ቴዎና ቃለሕይወት ብቻ ናቸው። አንድ እርምጃ ወደፊት ራመደች።

«ልጄን ምን አድርጓችሁ ነው የጸለያችሁበት?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ቴዎ አፉን ከፈተ። ለጋሽ ወጋየሁ «እርስዎ ያሰቡት አይደለም» ሊል፣ ለእናቱ «አንቺ የፈራሽው አይደለም» ሊል፤ አንዱን ቢናገር ሌላውን አሳልፎ መስጠት ሆነበት። ያቺ አንዲት አሜን በአዳራሹ ሁሉ ውስጥ በትክክል የገባችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው ዓይኖቿን ገልጣለች።

ጋሽ ወጋየሁ የእናቱን ድምፅ ሰምተው ግራ ገባቸው። ከቴዎ ወደ አፀደ፣ ከአፀደ ወደ ልጃቸው አዩ፤ የልጃቸው ፊት ላይ ዓይናቸው ቆመ። እንባዋ አገጯ ደርሷል፤ ልትጠርገው እንኳ አልሞከረችም።

«ቃለሕይወት» አሉ ቀስ ብለው። «ምነው ልጄ? ሰላም ነው?»

እንዲያው የአባት ጥያቄ ነው። በቀን ስንት ጊዜ የሚጠየቅ። ኩሽናው በር ላይ የቆመችው ሸጊቱ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰላም የለኝም፣ አባዬ» አለች ቃለሕይወት።

የጋሽ ወጋየሁ እጅ ቴዎ ትከሻ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። አልለቀቁትም፤ አልጨበጡትምም። እጁ የባረከው ይሁን የያዘው ቴዎ መለየት አቃተው።

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። ቆርቆሮው ዝም ብሏል፤ ከጠርዙ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። ልጆቹ አንድ በአንድ በአፀደ ጎን እየሾለኩ ወጡ፤ ሶፊ የአያቷን ጫማ አንስታ እግሯ ሥር አስተካክላ አስቀመጠችላት፤ አፀደ ግን አላጠለቀችውም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሱ ማዶ ብርሃን ነበር፣ የጀሞ መንገድ ነበር፣ «ለቡ፣ ለቡ» የሚል ረዳት ነበር።

ቴዎ ቃልን አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም አሁን ብቻቸውን አይደሉም፤ ሁለቱም የሚወጡበትን በር አያውቁም።